አማቴ፣ በርሜሉና ቀዩ አምፖል

አማቴ ዝምተኛ ነበሩ ብል ሌሎች ዝምተኞች ይቀየሙኛል። ከእሳቸው ጎን ሲቀመጡ ሁሉም ጨረታ አጫራች ይመስሉ ነበር። ልጃቸውን ለማግባት ሽማግሌ የላክሁ ቀን፣ ሽማግሌዎቼ ተነሥተው ተቀምጠው፣ ዘሬን እስከ ኖኅ ድረስ ቆጥረው፣ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ተናገሩ። እሳቸው ጣራ ጣራውን ሲያዩ ቆዩና "ይሁን" አሉ። በቃ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ባየኋቸው ቁጥር፣ ያቺን አንዲት ቃል ሐሳባቸውን ቀይረው እንዳይወስዱብኝ እሠጋ ነበር።

ሹፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአሰብ አዲስ አበባ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ከመኪናው ቀድሞ ያለቀው ጉልበታቸው ሆነ። ሚስቴ "የፍሪሲዮን ፔዳል የበላው ጉልበት" ትለዋለች። እናቷ ካረፉ በኋላ ላፍቶ፣ እኛ ቤት መጥተው መኖር ጀመሩ። ላፍቶ ያኔ ከተማ ልሁን ወይስ እርሻ ሆኜ ልቅር ገና ያልወሰነች ሰፈር ነበረች፤ ከአጥራችን ወዲህ እኛ፣ ከአጥራችን ወዲያ የጎረቤታችን ጤፍ።

አማቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ፍል ውሃ ሄደው ጉልበታቸውን ይዘፈዝፉ ነበር። ገና ሰሞን አንድ ቅዳሜ ግን የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ አንዱ እግራቸው ወጣ፣ ሌላው አልወጣም ብሎ መሬት ላይ ቀረ። ከኋላቸው የተሰለፈው ሕዝብ ነው እንደ ጤፍ ከረጢት አንሥቶ የጫናቸው። ወደ ቤት ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው የዓመቱን ረጅሙን ንግግር አደረጉ።

"ከፋሲካ በኋላ ጠበል እሄዳለሁ። እዚያው እኖራለሁ።"

ያሉት ጠበል ሩቅ ነው፣ ገደል ውስጥ። የሚያውቋቸው ሰዎች በዓመት አንዴ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት፣ በጭነት መኪና ተሳፍረው ይሄዳሉ። ለመኖር ብሎ የሄደ ሽማግሌ ከዚያ የሚመለሰው በወሬ ብቻ ነው። ሚስቴ አላለቀሰችም። ሽንኩርት አወጣችና መክተፍ ጀመረች። የዚያን ቀን የከተፈችው ሽንኩርት ለአንድ ክፍለ ጦር ይበቃ ነበር።

በኋላ፣ ዓይኗን በክንዷ እያበሰች፣ "ክርስትና ስነሣ አልነበረም፤ አሁን ደግሞ ሳልጦረው ሊሄድ ነው" አለችኝ። ይህ የክርስትና ነገር የቆየ ቁስሏ ነው። ሰማንያ ቀን ሆኗት ክርስትና ስትነሣ አባቷ አልመጡም። አንዲት አክስቷ "ወንድ ይጠብቅ ነበር፤ ሴት መሆንሽን ሰምቶ ቀረ" ብላ ልጅ ሳለች ነግራታለች። ሚስቴ አባቷን ጠይቃ አታውቅም። ብትጠይቃቸውስ? "ይሁን" ነው የሚሏት።

እኔ ያኔ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ። ለካውያዎቹ እንፋሎት የሚያፈላው ቦይለር በእኔ እጅ ነው። ስለዚህ ውሃ ማፍላትን በተመለከተ ከእኔ በላይ ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም። ሽንኩርቱን ሳይ ደረቴን ነፋሁና፣ "አባባ የትም አይሄዱም፤ ፍል ውሃን ራሱን እዚህ ጓሯችን ድረስ አመጣላቸዋለሁ" አልኩ። ሚስቴ አንድ ጊዜ አየችኝና መክተፏን ቀጠለች።

ምናለሽ ተራ ወርጄ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ የብረት ባኞ አገኘሁ፤ የአንበሳ እግር ያለው። ከአራቱ እግሮች አንዱ ጠፍቷል፤ በጡብ ደገፍነውና ከጓሮው ግድግዳ ሥር በመጋረጃ ጋረድነው። አጠገቡ አንድ በርሜል አቆምኩ። በርሜሉ ውስጥ ውሃ የሚያፈላውን ሬዚስታንስ ከተትኩ፤ እንደ እባብ የተጠማዘዘ፣ በኤሌትሪክ የሚግል ብረት ነው። በርሜሉንና ባኞውን በሁለት ቱቦ አገናኘሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ውሃው በርሜሉ ውስጥ ይሞቃል፣ ወደ ባኞው ይሄዳል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞቃል። ሰውየው ውስጡ እንደ ሽሮ ቀስ ብለው ሲንተከተኩ ይውላሉ።

ሰፈሩ ግን በርሜልና ቱቦ ሲገባ አይቷልና አረቄ ልናወጣ ነው ብሎ አወራ። ከቀበሌ ሁለት ሰዎች መጡ፣ በርሜሉን አሸተቱ፣ ውሃ መሆኑን ሲያውቁ ያዘኑትን ያህል ሰው ሲያዝን አላየሁም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አማቴን ደግፈን አስገባናቸው። እኔ ከመጋረጃው ውጭ ሆኜ ሙገሳ ጠበቅሁ። ዝም። "እንዴት ነው አባባ?" አልኩ። ብዙ ቆይተው፣

"ላዩ አሰብ ነው። ታቹ ደብረ ብርሃን" አሉ።

እጄን አስገብቼ ባየው እውነታቸውን ነው። ደረታቸው ላይ ላብ ይንቆረቆራል፤ ጉልበታቸው ዘንድ ውሃው በረዶ ነው። ይህ ሁሉ መከራ ደግሞ ለጉልበት እንጂ ለደረት አልነበረም። ሁለቱንም ቱቦዎች ከላይ በኩል ስለበሳኋቸው የሞቀው ውሃ እላይ እላዩን ይሽከረከራል፤ የታችኛው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። አንደኛውን ቱቦ አውርጄ ባኞው ወለል ላይ ካለው ቀዳዳ ወደ በርሜሉ ታች አስገባሁት። ቀዝቃዛው በታች ገባ፣ ሞቆ በላይ ወጣ። ፍል ውሃ ሆነ።

ሆነ እንጂ ቀን እየመረጠ ነው። አንድ ቀን እንቁላል ይቀቅላል፣ በማግሥቱ ለብ እንኳ አይልም። ፊውዙን ለወጥኩ። ሽቦውን ከቆጣሪው ጀምሮ እየፈታሁ አሰርኩ። ማብሪያ ማጥፊያውን ፈትቼ በምላሴ መላስ ብቻ እስኪቀረኝ አጸዳሁት። ሬዚስታንሱን ሰደብኩት። ሚስቴ ዱቄት ተሸክማ ገባችና ነጭ ቅንድቧን እያራገፈች፣

"እህል ያስፈጨሁ ቀን ውሃህ አይሞቅም፤ አላስተዋልክም?" አለችኝ።

ለካ ወፍጮ ቤቱና እኛ በአንድ መስመር ላይ ነን። ሞተሩ ሲነሣ የሰፈሩን መብራት ይጠጣዋል፤ የቤታችን አምፖል እንኳ እንደ ጧፍ ይደክማል። ወፍጮው ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። ዘመኑ ለሁሉም ነገር ሰልፍ የሚሰለፉበት ነበርና፣ እኛም ለሙቀት ተራችንን ቅዳሜ ከሰዓት አደረግን።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ሰመረ። እንዲያውም ከሰመረው በላይ ሰመረ። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ አማቴ ከባኞው ሲወጡ ፊታቸው ያበራል። አንድ ቀን ከዘራቸውን ትተው እስከ ውጭው በር ድረስ ሄደው ተመለሱ። ሚስቴ አይታ አፏን በእጇ ያዘች። እኔማ ፋብሪካ ውስጥ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ሐኪም መሆኔን መንገር ጀምሬ ነበር።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ሚስቴ ፎጣ ልታቀብል ገብታ፣ ሙቀቱን ልታይ እጇን ውሃው ውስጥ ጠለቅ አደረገች። በባዶ እግሯ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ነበር የቆመችው። ጩኸቷን ማዶ ለቡ ሰፈር ያለ ከብት ሁሉ ቀና ብሎ ሰምቶታል። ሮጬ ማብሪያውን አጠፋሁ። ኤሌትሪኩ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ነዝሯት ትንቀጠቀጣለች። አማቴ ባኞው ውስጥ እንደ ንጉሥ ተቀምጠዋል፤ ምንም አልሆኑም።

"አባዬ፣ አንተን አይነዝርህም?"

"ይነዝረኛል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሁዳዴ መግቢያ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

አማቴ ጥያቄው ያሳዘናቸው ይመስል ልጃቸውን አዩዋት። "ሲያወሩት ይሄዳል" አሉ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ጠበል ገብቶ መሻል የጀመረው ሰው አያወራም። ገና ሳይጨርስ "ቀለለኝ" ካለ የቀለለው ተመልሶ ይከብድበታል ይባላል። አማቴም ውሃው እግራቸውን ውርር ሲያደርጋቸው ኃይሉ መጣልኝ ብለው፣ እንዳይሸሽባቸው አፋቸውን ዘግተው ሲነዘሩ ከርመዋል። ያልገደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከባኞው የሚወጡት እኔ መጥቼ ማብሪያውን ካጠፋሁ በኋላ ስለሆነ ነው። አንድ እግራቸው ውሃው ውስጥ እንዳለ ሌላውን ሲሚንቶው ላይ ቢያሳርፉ ኖሮ አማት አልነበረኝም።

"አባባ፣ ይሄ ኤሌትሪክ ነው። ሰው ይገድላል" አልኳቸው።

"እኔን አልገደለኝም። ጉልበቴን ፈታው እንጂ።"

"የፈታውማ ሙቀቱ ነው።"

"ሙቀት ፍል ውሃም ነበር" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሚስቴ ፊውዙን ነቅላ ጡቷ ሥር ወሸቀችው፤ ካልተበጀ አታገኘውም አለችኝ።

ለመፈተሻ ያህል ፊውዟን እየለመንኩ፣ በፕላስቲክ ቦቲ ቆሜ፣ ኤሌትሪክ ሲነካ የሚበራ ትንሽ መብራት ያለውን ካቻቢቴ ይዤ ፍለጋ ጀመርኩ። ቱቦውን ብነካ ይበራል። ባኞውን ብነካ ይበራል። ውሃውን ራሱን ብነካ ይበራል፤ ውሃ ሲያበራ ያየሁት ያኔ ነው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈታሁ፤ ሁሉም ደረቅ፣ ሁሉም ደህና። በመጨረሻ ሬዚስታንሱን ከበርሜሉ መዝዤ ሳወጣው ነጭ ጋቢ ለብሶ መጣ፤ የላፍቶ ውሃ ኖራ ተጋግሮበታል። ኖራውን ስፈቀፍቀው ከሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ተገኘች። ኤሌትሪኩ በእሷ በኩል እየወጣ ከአማቴ ጋር ይታጠብ ኖሯል። ወደ መሬት ያወረድኩት ሽቦ ይህን ጠልፎ ሊያስቀር ይገባው ነበር፤ እሱ ደግሞ ብሎኑ ዝጎ ወልቆ፣ መሬቱን ሳይነካ ተንጠልጥሏል።

በዚያን ጊዜ ሬዚስታንስ ከሱቅ ይገዛል ማለት ከሱቅ ዝሆን ይገዛል እንደ ማለት ነው። ምናለሽ ተራን እንደ ቅንጭ አበጥሬ፣ ከፈረንጅ ልብስ ማጠቢያ የወጣ አንድ አገኘሁ። ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ በአዲስ ብሎን አጥብቄ፣ የብረቱን ዘንግ ሁልጊዜ እርጥብ በሆነው በጎመኑ መደብ ሥር ቀበርኩት። በካቻቢቴዋ ሁሉንም ነገር ብነካ ጭል አትልም። ሚስቴ ፊውዙን መለሰችልኝ፤ ሞቅ ብሎ ነበር።

አማቴ ገቡ። ውሃው እኩል የሞቀ፣ ከላይ እስከ ታች አሰብ ነው። እግራቸውን ወዲህ ወዲያ አደረጉ።

"ሞቷል" አሉ።

ከባኞው ወጥተው ለባብሰው፣ ሻንጣቸውን አወጡ። ከሹፌርነታቸው ጀምሮ የነበረች፣ በገመድ የምትታሰር ሻንጣ ናት። አስረው ሳሎኑ በር ላይ አቆሟት። ፋሲካ ተቃርቦ ነበር። እኔ ሙያዬን አሳይቼ፣ ጥፋቱን አግኝቼ፣ አስተካክዬ፣ ሰውየውን የማባርር ሆንኩ። ሚስቴ እንደገና ሽንኩርት ማየት ጀመረች።

ቢሆንም እስከሚሄዱ ድረስ መታጠባቸውን አልተዉም፤ ሙትም ቢሆን ሙቅ ነው። ኤሌትሪኩን አጥፍተን ይግቡ ስንላቸው ይቀዘቅዛል አሉ። ሚስቴ ደግሞ ባለመብራቱን ካቻቢቴ ሺህ ጊዜ ባሳያትም በርሜሉን አታምነውም። ስለዚህ ሕግ አወጣች። ባኞው ትይዩ ግድግዳው ላይ ቀይ አምፖል እንድሰቅል አዘዘችኝ፤ ኤሌትሪኩ ካለ ይበራል። እኔ ከመጋረጃው ውጭ ሣጥን ላይ፣ እጄን ማብሪያው ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ።

"አባዬ፣ ቀዩ እስከበራ ድረስ ታወራለህ። ድምፅህ ከጠፋ ኤሌትሪኩ ይዞሃል ብሎ ያጠፋዋል" አለች።

"ምን ብዬ?"

"የፈለግከውን።"

የመጀመሪያው ቀን ጦርነት ነበር። ዝም አሉ፤ አጠፋሁ። ሳሉ፤ አበራሁ። እንደገና ዝም፤ አጠፋሁ። ውሃው መቀዝቀዝ ሲጀምር ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ሰንዳፋ" አሉ። አበራሁ። "ሸኖ። ደብረ ብርሃን። ጣርማ በር። ደብረ ሲና።" እስከ አሰብ ድረስ ነዱኝ። አሰብ ደርሰው ዕቃ ጫኑና በዚያው መንገድ ወደ ኋላ ተመለሱ። ሲወጡ ላብ አጥምቋቸው ነበር፤ ከሙቀቱ ይሁን ከንግግሩ አላውቅም።

በሚቀጥለው ጊዜ የከተሞቹ ስም ብቻውን አላረካቸውም። ሸዋ ሮቢት ላይ ጎማ ፈነዳ። ከሚሴ ላይ ፍየል መሪ ይዛ ተገኘች። እኔ ሣጥኑ ላይ ሆኜ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። "አንተ፣ ማብሪያውን ያዝ እንጂ ሆድህን አትያዝ" ይሉኛል ከመጋረጃው ኋላ። እኔ ደግሞ ወሬው ሲንዛዛብኝ ጠቅ አደርግና አጠፋዋለሁ። "ቀዘቀዘኮ" ሲሉ፣ "ወሬው ነው አባባ፤ ትንሽ እሳት ይጨምሩበት" እላቸዋለሁ። ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙት ወሬ እንደ ግድብ ነው የተለቀቀው። ሻንጣዋ ግን ከበሩ አልተነቃነቀችም።

የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። ማግሥቱ ዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ ሰኞ መኪናው ይመጣል። አማቴ ገቡ፣ ቀዩ በራ፣ እኔ ሣጥኔ ላይ ተቀመጥኩ። ሚስቴ ሰፌድ ይዛ መጥታ ምስር እየለቀመች ከጎኔ ቁጭ አለች። እሳቸው መኖሯን አላወቁም።

የዚያን ቀን በወሬያቸው ከባቲ ወዲያ ቆሙ። ክረምት ነው፤ ጎርፍ ድልድዩን ጠራርጎ ወስዶታል። መኪኖች በወዲያና በወዲህ ተሰልፈው ሳምንታት ቆመዋል። ጭነት ጥሎ መሄድ አይቻልም። ከወንዙ ማዶ ከአዲስ አበባ የመጣ ሹፌር አለ፤ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸላቸው። ሚስትህ ሴት ልጅ ወልዳለች አላቸው።

የሚስቴ ጣቶች ምስሩ ላይ ቆሙ።

እሳቸው ቀን ይቆጥሩ ጀመር። ድልድዩ አልተሠራም። ሰማንያው ቀን ደረሰ። በዚያች ቀን ወንዙ ዳር ፍየል ገዝተው አረዱ፤ የቆሙትን ሹፌሮች በሙሉ ጠሩ። አንዱ የዲያቆን ልጅ ነበር፤ የቻለውን ያህል ደገመ። ክርስትና ነው፣ ሕፃን ግን የለም። አንዱ ቀልደኛ የውሃ ጀሪካን አምጥቶ በእሳቸው ጋቢ ጠቀለለና አሳቀፋቸው።

"ምን ላድርግ? አቀፍኳት" አሉ ከመጋረጃው ኋላ። "ስሟን ወደ ማዶ ጮኼ ጠራሁት። ማዶም ያሉት እልል አሉ። ጢማም ጢማም ሹፌሮች ናቸው እልል የሚሉት። ቤት ስመለስ ግን ምን ብዬ ልንገራቸው? ልጄ ክርስትና ስትነሣ ጀሪካን አቅፌ ነበር ልበል? ዝም አልኩ።"

በዚህ መሐል ቀዩ አምፖል ጠፋ።

እጄን አየሁ፤ ማብሪያውን አልነካሁትም። የጎረቤት ሬዲዮም ጸጥ ብሏል። የሰፈሩ መብራት መሄዱ ነው። አምፖሉ የተሰቀለው ልክ ፊት ለፊታቸው ነው። አላዩም ማለት አይቻልም። ኤሌትሪክ የለም፤ ስለዚህ ሕግም የለም። የማውራት ግዴታቸው አበቃ። ከእንግዲህ ያለው ውሃው እስኪቀዘቅዝ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፤ እሱን ደግሞ እንደ እሳቸው የሚችልበት ሰው አልተፈጠረም።

"መብራቱ ሄደ" አሉ። ትንሽ ትንፋሽ ወሰዱ። "ታዲያልህ፣ ያቺን ጀሪካን አዲስ አበባ ድረስ ጋቢና ውስጥ አጠገቤ አስቀምጬ ነው ያመጣኋት።"

ከዚያም ቀጠሉ። ኤሌትሪክ የሌለውን ማብሪያ እንደያዝኩ ቀረሁ፤ ለመልቀቅ ፈራሁ። ሚስቴ ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትሰማለች፤ አንዲት ምስር አላነሣችም። ዕንባዋ ምስሩ ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ በዚያ ሳምንት ወጥ ላይ ጨው አልጨመርንም ብል ማን ያምነኛል? አማቴ ውሃው በረዶ እስኪሆን፣ ድምፃቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ነዱ። መብራቱ አልመጣም።

ገብቼ ደግፌ አወጣኋቸው። በብርድ ልብስ ተጠቅልለው መጋረጃውን ሲገልጡ ልጃቸውን አዩዋት። ሁለቱም ዝም አሉ። ዝምታው የአባትና የልጅ መሆኑ ያስታውቃል፤ ሁለቱም ባለሙያ ናቸው። ቀድማ የተሸነፈችው እሷ ናት።

"አባዬ፣ ጀሪካኗ አለቀሰች?"

አማቴ አሰቡ። "አላለቀሰችም" አሉ። "ክዳኗ ላልቶ ነበር። ጋቢዬን አራሰችው።"

ሚስቴ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ሳይለይ ፎጣውን ወሰደችና አንገታቸውን ታደርቅ ጀመር። እሳቸውም እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው እያነከሱ ወደ ሳሎን ገቡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሻንጣዋን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጓት።

"ይችን ከዚህ አንሺያት" አሉ። "ሰው ታደናቅፋለች።"